ክፋቱ ከእናቱ ነው ከሰንሰለቱ?

በጎጃም ደጋ በሮብ ገበያና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ አይገዛም፤ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ተለምኖ ይመጣል። የሚለምነው ሰው ስለ መልኩም ሆነ ስለ ቀለሙ ብዙ አይጨነቅም። «እናቱ እንዴት ናት?» ይላል። «ኧረ እሷስ እንግዳ አታስደርስም!» ከተባለ በቂው ነው። «እንግዲያው አያ፣ አንዱን ወንድ አቆይልኝ» ብሎ ይሄዳል። አባቱን የሚጠይቅ የለም፤ የመንደር ውሻ አባት በውል አይታወቅምና።

ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው ወደ አዲሱ ቤት ይወሰዳል። አንገቱ ላይ ገመድ ይገባለታል፤ ከበረቱ አጠገብ ካለ ችካል ይታሰራል። ቀን እዚያው ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ዓመት አልፎት የጎረቤት ልጅ ሲነክስ ፍርዱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ «ዘሩ ነው፤ እናቱም እንዲሁ ነበረች። ዘር ከልጓም ይስባል።» ስለ ገመዱ የሚያነሣ አይገኝም።

ውሻ ማሳደግን እንደ ሙያ ለያዘ ሰው፣ በእንስሳት ጤና ኬላ ለሚሠራም ሆነ ጠባቂ ውሻ ለሚያሠለጥን፣ ይህ ክርክር የዕለት ተዕለት ነው። የከተማ ውሻ ወዳዶች «ክፉ ውሻ የለም፣ ክፉ ባለቤት ነው ያለው» ማለት ይወዳሉ። የደጋው ገበሬ ግን በዚህ አይስማማም፤ ትክክልም ነው። ዘር ይሠራል። የሚስተው ዘር በሚያወርሰው ነገር ላይ ነው። ከእናት ወደ ቡችላ የሚተላለፈው ንክሻ አይደለም፤ የፍርሃት ልክ ነው፤ ቶሎ የመደንገጥና ቶሎ የመቆጣት ዝንባሌ ነው። ያ ዝንባሌ ማን ላይ፣ መቼና በምን እንደሚወጣ የሚወስኑት ቡችላው የሚያድግባቸው ጥቂት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ የሚውልበት ቦታ ናቸው።

በዘር በኩል ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም «ዓ.ም.» ካልተባለ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ የሶቪየት የዘረመል ተመራማሪ ለቆዳቸው ሲባል ከሚረቡ ቀበሮዎች መካከል ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን እየመረጠ ማዳቀል ጀመረ። ሥራው በሳይቤሪያ፣ በኖቮሲቢርስክ አካባቢ የተካሄደ ሲሆን ሉድሚላ ትሩት የተባለች ባልደረባው ለአሥርት ዓመታት መርታዋለች። ቀበሮዎቹ ሆን ተብሎ አልሠለጠኑም፤ ከሰው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜም አጭር ነበር። ለውጥ ከመጣ ከደም ብቻ እንዲመጣ ነው። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሰው ሲመጣ ጭራቸውን የሚቆሉ፣ ለመላስ የሚሽቀዳደሙ ቀበሮዎች ተወለዱ።

ብዙም የማይነገርለት የዚሁ ሥራ ሌላ ክፍል አለ። ተመራማሪዎቹ በተቃራኒው እጅግ ቁጡ የሆኑትን እየመረጡ ሌላ መስመር አራቡ። ከዚያ የቁጡዎቹን ግልገሎች ገራም እናቶች እንዲያሳድጓቸው ሰጡ፤ ፅንሱን ከቁጡዋ እናት ማህፀን አውጥተው ወደ ገራሟ ማህፀን እስከ ማዛወር ደረሱ። ግልገሎቹ ገራም እናት ወልዳና አጥብታ ብታሳድጋቸውም ቁጡነታቸው አልለቀቃቸውም። «እናቱም እንዲሁ ነበረች» የሚለው የሮብ ገበያ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

ነገር ግን በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት የተደረገውንም ማየት ያስፈልጋል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች ፖይንተር ከሚባሉ የአደን ውሾች መካከል አንዱን መስመር በድንጉጥነቱ መርጠው አራቡ። የተወለዱት ውሾች ሰው ሲቀርባቸው በቆሙበት ደርቀው ይቀሩ ነበር፤ በእንክብካቤም ብዙ አልተቀየሩም። ፍርሃቱ በደም መጥቷል ማለት ነው። ንክሻ ግን አልነበረም። የፈራ ውሻ ሦስት መውጫ አለው፦ ይሸሻል፣ ይደርቃል፣ ይነክሳል። የትኛውን እንደሚመርጥ ከሁኔታው ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁኔታውን የሚሠራው ደግሞ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የሮብ ገበያ ውሻ በወጉ ዝርያ የሚባል ነገር የለውም። ማንም መርጦ አያዳቅለውም። አንዲት ውሻ በአንድ ወቅት ከተለያዩ ወንዶች ጋር ስለምትገናኝ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች የተለያዩ አባቶች ሊኖሯቸው ይችላል። ስለዚህ «ዘሩ ነው» የሚል ሰው ከዘሩ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ያውም ያ ግማሽ የተቀላቀለ ነው፤ ድንጉጥ እናት ፍርሃቷን በደሟም ታስተላልፋለች፣ ሰው በመጣ ቁጥር ስትጮህና ስትሸሽ ቡችሎቿ እያዩ ይማሩታል። በሳይቤሪያ እንደተደረገው እናትና ልጅ ካልተለያዩ በስተቀር የቱ ከደም፣ የቱ ከትምህርት እንደመጣ ማንም አይለየውም።

ሌላው ትልቅ ምርምር ከአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ከሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር አምስት የውሻ ዝርያዎችን ለዓመታት ሲያራቡና ሲያጠኑ ቆይተው ውጤቱን በ1965 በመጽሐፍ አወጡ። ከአምስቱ አንዱ ከኮንጎ የተገኘው ባሰንጂ ነበር። በዝርያዎቹ መካከል የታየው የጠባይ ልዩነት ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ ለአሳዳጊ ከዚያ የሚበልጠው ስለ ቡችላ ዕድሜ ያገኙት ነገር ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላው «የኔ ወገን» የሚለውን የሚለይበት ነው።

እዚያው የተሠራና በ1961 የታተመ ሙከራ ይህን በጭካኔ ሊባል በሚችል ግልጽነት አሳይቷል። ቡችሎች ከእናታቸው ጋር ከፍ ባለ አጥር በተከለለ መስክ፣ ሰው ሳያዩ አደጉ፤ ምግብና ውኃ በቀዳዳ ይገባላቸው ነበር። የተወሰኑት በተለያየ ዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ወጥተው ከሰው ጋር ቆይተው ተመለሱ። ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የወጡት ሰውን በቶሎ ለመዱ። እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ያልነካቸው ግን የዱር አውሬ ያህል ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገላቸው ልፋት ሁሉ ተራ ውሻ ሊያደርጋቸው አልቻለም። ደማቸው የገራም ዝርያ ደም ነበር።

ይህን ይዞ ወደ ጎጃም ደጋ መመለስ ያስደነግጣል። ቡችላ ተለምኖ የሚወሰደው ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ፣ ከወሳኞቹ ሳምንታት አብዛኞቹ ያለፉት በእናቲቱ ባለቤት ቤት ነው። አንዷ ከጓዳው አጠገብ ትወልዳለች፤ ልጆች ቡችሎቹን ሲያቅፉ፣ ሲያወርዱ፣ ሲያጓትቱ ይውላሉ፤ እማወራዋ ፍርፋሪ ስትጥል ከእግሯ ሥር አይጠፉም። ሌላዋ ከእንጨት ክምር ኋላ ወይም ከጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ትወልዳለች፤ ሰው የሚያያቸው ራሳቸው መውጣት ሲጀምሩ ነው። የሁለቱ እናቶች ደም አንድ ቢሆን እንኳ ቡችሎቹ አንድ አይሆኑም። እንግዲህ «እናቱ እንዴት ናት?» የሚለው የአባቶች ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጎደለው ተከታዩ ነው፦ «የት ወለደቻቸው? ማን ነው የሚያቅፋቸው?»

አዲሱ ባለቤት ከወሳኙ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ወር ገደማ ነው። እሱንም ችካል ላይ ያሳልፈዋል። በዚያ ወር ቡችላው ያላየውን ነገር ሲያድግ ይጠረጥረዋል፦ ጥላ የያዘ ቄስ፣ ተማሪ፣ የተጫነ አህያ፣ ሞተር ሳይክል፣ በዱላ የሚራመድ ሽማግሌ። ረቡዕ ቀን ቡችላውን በክንድ ይዞ ወደ ገበያ ብቅ ማለት ወጪ የለውም። እህል ተራውን፣ የአህዮቹን ማሰሪያ፣ የሰውን ግርግር ከጌታው ክንድ ላይ ሆኖ ያየ ቡችላ ሲያድግ እንግዳ ሁሉ ጠላት አይመስለውም። መሬት ላይ ባይለቀቅ ይመረጣል፤ ክትባት ያልጀመረ ቡችላ ሌሎች ውሾች ከተጸዳዱበት ቦታ በቀላሉ በሽታ ያነሣልና።

ለዚህ ምክር ገበሬው የሚሰጠው መልስ አለ፤ ተገቢም ነው። «ሰው የለመደ ውሻ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ጅብና ሌባ እንዲያባርርልኝ ነው።» በደጋው ውሻ ለጌጥ አይያዝም። በግ ከጉሮኖ የሚወሰድበት፣ አህያ ሜዳ ላይ ካደረ ጅብ የሚበላበት አገር ነው። በትግራይ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥጋ ቤቶች በሚዘጉበት በዐቢይ ጾም ጅቦች ከተረፈ ሥጋ ይልቅ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ ከዓይነ ምድራቸው በተገኘ ፀጉር አረጋግጠዋል። ውሻ በጣም የሚፈለግበት ወቅት ማለት ነው፤ ለእሱም ቢሆን የሚደርሰው ፍርፋሪ የሚሳሳበት።

ጥሩ ጠባቂ ግን የሚለይ እንጂ የሚነክስ አይደለም። በአሜሪካ የናቫሆ ብሔረሰብ እረኞች ዘንድ ሃል ብላክ የተባለ ተመራማሪ ያየው ይህን በሚገባ ያስረዳል፤ ጽሑፉ በ1981 ወጥቷል። ናቫሆዎቹ በግና ፍየላቸውን የሚያስጠብቁት ስመ ጥር በሆኑ የአውሮፓ ጠባቂ ዝርያዎች አይደለም፤ ደማቸው በተደባለቀ ተራ ውሾች ነው። ምስጢሩ ቡችላው ገና በትንሽነቱ ከበጎቹ ጋር ከአንድ በረት መግባቱ ነው። ከመንጋው ጋር ያድጋል፣ መንጋውን ወገኔ ይላል፣ መንጋው ላይ የሚመጣውን ያባርራል። ለዚህ ቁጣውን የሚጨምርለት ሰው አያስፈልግም። የጎጃም የመንደር ውሻም ደሙ የተደባለቀ ነው፤ ከጉሮኖው ተለይቶ ችካል ላይ ከመታሰር ይልቅ ከበጎቹ ጋር ቢያድግና የቤቱን መጪና ሂያጅ ቢለምድ የሚሻለው ለራሱ ለገበሬው ነው። በእርግጥ ግልገል የሚያሳድድ ቡችላ ሲያጋጥም መከታተልና መገሠጽ ይጠይቃል፤ ሥራ አለው።

ቁጣን ለመጨመር የሚደረገው ነገር ብዙ ነው፦ በርበሬ ማብላት፣ ጆሮ መቁረጥ፣ ጨለማ ቤት መዝጋት፣ በዱላ እየነካኩ ማስቆጣት። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከእነዚህ አንዱም ጠባቂ አይፈጥርም። በርበሬ ሆድ ያሳምማል፤ የተቆረጠ ጆሮ ይመግላል፤ የታመመ ውሻ ደግሞ ሲነኩት ይነክሳል፣ የሚነኩት ደግሞ የቤቱ ልጆች ናቸው። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የጠባይ ሕክምና ክፍል ስለመጡ ውሾች በ2009 በወጣ ጥናት፣ ውሻቸውን እንደመቱ ወይም እንደረገጡ ከተናገሩ ባለቤቶች 43 በመቶዎቹ ውሻው መልሶ እንደተቆጣባቸው ገልጸዋል። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ የሚማረው ሌላም ነገር አለ፤ ማጉረምረሙን ይተዋል። ጥርሱን ሳያገጥጥ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚነክስ ውሻ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያን መቅጣት አደጋውን አያስቀርም።

ትምህርት የመንደሩን ውሻ ምን ያህል እንደሚለውጠው ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የትኛውም መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣ ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል፤ ድንጋይ ባይኖርም ውሻው ጭራውን በእግሮቹ መሐል ከትቶ ይሸሻል። ማንም ቆሞ አላሠለጠነውም፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ የልጆች ድንጋይ አስተምሮታል። ሰው ማለት የሚጎዳ ፍጡር እንደሆነም አብሮ ተምሯል። ይህ ውሻ ነጻ እስከሆነ ድረስ ከሦስቱ መውጫዎች መሸሽን ይመርጣል። እሱኑ ወስዶ ችካል ላይ ማሰር መሸሹን መከልከል ነው። የቀረው ጥርሱ ነው።

ስለ መታሰር ከሚታወቁት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተሠርቶ በ1994 የታተመው ነው። የነከሱ ውሾች በየሰፈራቸው ካሉ ካልነከሱ ውሾች ጋር ተነጻጸሩ። ወንድ መሆን የመንከስን ዕድል ከስድስት ጊዜ በላይ፣ በግቢ ውስጥ በሰንሰለት መታሰር ወደ ሦስት ጊዜ፣ አለመኮላሸት ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ ከፍ አድርጎ ተገኘ። ዝርያም አልጠፋበትም፤ ጀርመን ሸፐርድና ቻው ቻው ከነካሾቹ መካከል በዝተው ታይተዋል። «ነካሽ ስለሆነ ታስሮ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥናቱ ይህን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ሆኖም የሮብ ገበያ ገበሬ ቡችላውን የሚያስረው ጠባዩ ሳይታወቅ፣ በሁለት ወሩ ስለሆነ ይህ ማመካኛ ለእሱ አያገለግልም። ወንድ፣ ያልተኮላሸ፣ የታሰረ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ አዘጋጅቶ ውጤቱን ለእናቲቱ ደም ይሰጣል።

በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ያለው ስሕተት መልኩ ይለያል። እዚያ «የፈረንጅ ዘር» የሚባል ነገር ይፈለጋል፤ ጀርመን ሸፐርድ ወይም ሮትዋይለር የሚመስል ቡችላ ዋጋ ያወጣል፤ ገዢው ቁጣውን ከስሙ ጋር የገዛ ይመስለዋል። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾችን በተመለከተ ባለቤቶቻቸውን ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ዘረመል አንብቦ፣ በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት የዝርያ ስም የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ቶሎ መቆጣት ደግሞ በዝርያ እጅግ በጥቂቱ ከሚተነበዩት ጠባዮች አንዱ ሆነ። ይህ ግን ዘር አይሠራም ማለት አይደለም። የዝርያ ስምና ከእናትና ከአባት የሚወረስ ደም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የገጠሩ ሰው «እናቱ እንዴት ናት?» ሲል የከተማው ሰው «ዝርያው ምንድን ነው?» ከማለቱ ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ሕግ አውጪዎችም በዚሁ ጉዳይ ተለያይተዋል። እንግሊዝ በ1991 ባወጣችው ሕግ ፒት ቡልን፣ የጃፓኑን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን በስም ከለከለች፤ ኔዘርላንድስ በበኩሏ የፒት ቡል እገዳዋን በ2008 አነሣች። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዝርያ አያወራም። በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ፣ ጉዳቱም ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። በመንደር ሽምግልናም የሚታየው ተመሳሳይ ነው፦ ባለውሻው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ሕጉም ሽማግሌውም «ዘሩ ነው» የሚለውን ምክንያት ተቀብለው ባለቤቱን ነጻ አያወጡትም፤ ደግ አደረጉ።

ከዘርም ከአስተዳደግም ውጭ የሆነ ቁጣ እንዳለ መርሳት ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። ትናንት ገራም የነበረ ውሻ ዛሬ ያገኘውን ሁሉ ቢነክስ፣ ድምፁ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞቱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ክትባቱን አያዘግይ። የነከሰውን ውሻ በቁጣ ወዲያው መግደል ደግሞ መረጃ ያጠፋል፤ በደህና ቦታ ተዘግቶ ለ10 ቀን ቢታይና በሕይወት፣ በጤና ቢቆይ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ወደ ዘሩ ስንመለስ ያልተነካ አንድ ነገር አለ። ለጥበቃ የሚፈለጉት ወንዶቹ ስለሆኑ ሴት ቡችሎች በብዛት ይጣላሉ፤ አድገው የሚወልዱት ጥቂት ናቸው። የመንደሩ ውሾች ሁሉ የእነዚያ የጥቂቶቹ ልጆች ናቸው። ቤልያዬቭ በሳይቤሪያ በፈቃዱ ያደረገውን ምርጫ የደጋው ነዋሪ ሳያውቀው በየዓመቱ ያደርገዋል፤ «እንግዳ አታስደርስም» የተባለችውን እናት ልጆች ሲሻማ መንደሩን ወደ ድንጉጥነት ይወስደዋል። የምትሻለው እናት እንግዳ ሲመጣ የምትጮህ፣ ባለቤቱ «ተይ» ሲላት የምትተው፣ ልጅ ቡችሎቿን ሲያነሣ ዓይኗን ጥላ የምታይ ግን የማትነክስ ናት። እንዲህ ያለችዋን ለመለየት ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጥበት ቀን ምቹ ነው፤ የቀበሌው ውሾች ሁሉ በገመድ እየተጎተቱ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ የትኛዋ በፍርሃት እንደምትናከስ፣ የትኛዋ በባለቤቷ እጅ እንደምትረጋጋ ባለሙያው መርፌውን ይዞ እያንዳንዷን ያያል። ክትባቱን ጽፎ ሲያልፍ ለእማወራዋ «የዚችን ሴት ቡችላ አትጣሉ» ቢላት ከክትባቱ ያላነሰ ሥራ ይሠራል።